ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

እንደተለመደው ገና ሲቃረብ የፍቅር ደብዳቤ ይበዛል። አንዱ “ስጦታ ምን ልግዛላት?” ይላል፣ ሌላዋ “በዓሉን ከእሱ ቤተሰብ ጋር ባሳልፍ ሰው ምን ይለኛል?” ትላለች። ለዛሬ የመረጥኩት ግን ከወደ አሜሪካ፣ ከሶልት ሌክ ሲቲ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች አላወጣነውም። ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ አቀርበዋለሁ። ቀኑም ዘመኑም፣ “በእኛ” ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

“የ20 ዓመት ወጣት ነኝ። ከቤተሰቤ ጋር ወደዚህ አገር የመጣሁት በ11 ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን የተዋወቅኩት ፈረንጅ ልጅ አለ። አሁን 19 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ያህል አብረን ከቆየን በኋላ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ለሃይማኖቱ ሚስዮናዊ ሆኖ ፊሊፒንስ ሄደ። ሞርሞን ነው። እዚያ ሁለት ዓመት ይቆያል። ስሸኘው አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ።

“በየሳምንቱ ሰኞ ኢሜይል ይጽፍልኛል። ለእናቱ ግን በቪዲዮ ይደውልላታል። ለእሷ ፊቱን፣ ለእኔ ፊደሉን! ለምን ብዬ ስጠይቀው ‘ሕጉ ነው’ ይለኛል። ምን ዓይነት ሕግ ነው ፍቅረኛህን አታናግር የሚል? እኔ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ከደሞዜ አጠራቅሜ በዲሴምበር 22 ወደ ማኒላ የሚሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። አልነገርኩትም። የገና ዕለት በሩን አንኳኩቼ ሰርፕራይዝ ላደርገው ነው። የአክስቴ ልጅ ‘ሂጂ፣ ፍቅር ማለት ይሄ ነው’ ትለኛለች። እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች። ድሮም ‘ቡና የማይጠጣ ልጅ ምን ያደርግልሻል?’ ትል ነበር። ገናን ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ ይታየኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር? ቶሎ መልሱልኝ።”

እህቴ፣ ቶሎ መልሱልኝ ስላልሽ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ቅሪ። አትሂጂ። አሁን ጋዜጣውን ወርውረሽ “ይሄ ደግሞ ስለ ፍቅር ምን ያውቃል!” ብለሽ ይሆናል። ይሁን። ስትረጋጊ አንሺውና ቀሪውን አንብቢው። የአክስትሽ ልጅ የነገረችሽ የፊልም ፍቅር ነው። በፊልም ውስጥ በሩ ሲከፈት ሙዚቃ ይጀምራል። አንቺ የምታንኳኪው በር ሲከፈት ግን የሚጀምረው ሌላ ነገር ነው።

ለሌላው አንባቢዬ ነገሩ እንግዳ ስለሚሆንበት ትንሽ ላስረዳ። ሞርሞን ብለን የምንጠራቸው ሰዎች የእምነታቸው ሙሉ ስም “የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን” ነው። በ2018 መሪያቸው የነበሩት ራስል ኔልሰን “በሙሉ ስማችን ጥሩን እንጂ ሞርሞን አትበሉን” ብለው ጠይቀዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱን በ1830 በኒውዮርክ ግዛት የመሠረታት ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ሰው ነው። ተከታዮቹ ኋላ ከየቦታው ሲባረሩ በ1847 ያን ያህል በረሃና ተራራ አቋርጠው ዛሬ አንቺ የምትኖሪበት ሸለቆ ገቡ። የእምነቱን ክርክር ለሚመለከታቸው ትቼዋለሁ። የእኔ ጉዳይ ልጁ ነው።

ልጁ የሄደበት ነገር ሚሽን ይባላል። ወንዱ ለ2 ዓመት፣ ሴቷ ለ18 ወር። ድሮ ወንዱ 19፣ ሴቷ 21 ሲሞላቸው ነበር የሚሄዱት። በ2012 ወደ 18 እና 19 ዝቅ አለ፤ በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ለሴቶቹም 18 ሆኗል። ደሞዝ የለውም። እንዲያውም ከፋዩ ልጁና ቤተሰቡ ናቸው፤ ከአሜሪካ የሚሄድ ከ2020 ወዲህ በወር 500 ዶላር ያዋጣል። ብዙዎቹ ይህን ብር የሚያጠራቅሙት ገና በልጅነታቸው፣ ሣር እያጨዱና በረዶ እየጠረጉ ነው። የሚሄድበትን አገርም አይመርጥም። ማመልከቻ ያስገባል፤ ከዚያ “እገሌ አገር ተመድበሃል” የሚል ደብዳቤ ይመጣለታል። ለዚያ ደብዳቤ መክፈቻ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ልክ እንደ ማትሪክ ውጤት ነው የሚጠብቀው። ኢዳሆ ቢለው ኢዳሆ፣ ፊሊፒንስ ቢለው ፊሊፒንስ! እንዲህ ሆነው በዓለም ዙሪያ የተበተኑት በ2024 መጨረሻ ከ70,000 በላይ ነበሩ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። “ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ ይታየኛል” ብለሻል። እህቴ፣ ሚስዮናዊ ብቻውን የሚባል ነገር አያውቅም። ሁልጊዜ ጥንድ ናቸው። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት። አብሮት የተመደበው ልጅ ሲበላ አብሮት ነው፣ ሲያጠና አብሮት ነው፣ መንገድ ላይ አብሮት ነው፣ ሲተኛም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ብቻውን የሚሆነው መታጠቢያ ቤት ሲገባ ብቻ ነው። ያንን ልጅ እሱ አልመረጠውም፤ ከጥቂት ወር በፊት የት እንዳለ እንኳ አያውቀውም ነበር። ምናልባት ሲተኛ ያንኮራፋ ይሆናል፣ ምናልባት እንግሊዝኛው ሰባራ ነው። የእሱ ጭንቅ እንግዲህ አንቺ ያሰብሽው አይደለም። ገና ሌሊት እናቱ ትዝ ስትለው፣ አንቺ ትዝ ስትይው፣ ብቻውን ሆኖ የሚያለቅስበት ቦታ ማጣቱ ነው!

ሌላው ጉዳይ ስልኩ ነው። “ሕጉ ነው” ያለሽ አልዋሸሽም። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ እኮ እናትየዋም ብትሆን ይህን ዕድል አልነበራትም። ሚስዮናዊ ወደ ቤቱ የሚደውለው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ አንዱ ገና፣ ሁለተኛው የእናቶች ቀን። በቃ! ሌላው ሁሉ ደብዳቤ፣ ኋላም ኢሜይል ነበር። እስቲ አስቢው፤ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሽው ልጅ በገና ቀን፣ ያውም በቀጠሮ ሰዓት ይደውላል። አባት ስልኩ አጠገብ፣ እናት በአንድ እጇ መሀረብ፣ ታናናሾች እየተገፋፉ፣ አያት “ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ” እያሉ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ በለቅሶ ያልቃል። ከዚያ ልጁ የሚያወራው እንግሊዝኛ የተማረውን አዲስ ቋንቋ እየቀላቀለበት ይመጣና ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ከዚያ “ደህና ሁኑ”፤ ስልኩ ይዘጋል። ቀጣዩ እስከ ግንቦት የለም። የዚያን ዘመን እናቶች ስለ ገና ስትጠይቂያቸው ስለ ዛፉም ስለ ምግቡም አይነግሩሽም፤ የሚነግሩሽ ስለዚያ ስልክ ነው።

እኛም ብንሆን ይህ ነገር ይገባናል። ቤሩት ወይም ሪያድ እህት ያለችው ሰው የበዓል ዋዜማ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻውም።

በፌብሩዋሪ 2019 ቤተ ክርስቲያኗ ሕጉን አላላችው። አሁን ልጁ በሳምንት አንድ ቀን፣ የዝግጅት ቀን በሚሉት፣ ወደ ቤተሰቡ በስልክም በቪዲዮም መደወል ይችላል። በገና፣ በእናቶች ቀን፣ በወላጆቹ ልደት ጊዜም እንዲሁ። ደዋዩ ግን እሱ ነው፤ ሰዓቱን የሚመርጠው በእሱ ፕሮግራም ነው። ልብ በዪ፣ የተፈቀደው ለቤተሰብ ነው። ለፍቅረኛ አይደለም። ሚስዮናዊ እያለ የፍቅር ነገር ጨርሶ ክልክል ነው፤ የሁለት ዓመቱ አንደኛው ሕግ ይሄ ነው ማለት ይቻላል። ከመሄዱ በፊት ይህን አውቆ፣ ቃል ገብቶ ነው የሄደው።

ለአንቺ የሚጽፈው እዚያችው የዝግጅት ቀን ላይ መሆኑን አስተውለሻል? ያቺ ቀን የሳምንቱን ልብስ የሚያጥብባት፣ አስቤዛ የሚገዛባት፣ ፀጉሩን የሚቆረጥባት፣ ቤት የሚያጸዳባት፣ እናቱን የሚያነጋግርባት ናት። ማታ ደግሞ ወደ ሥራው ይመለሳል። አንቺ “ለእኔ ፊደሉን” ብለሽ ያማረርሽባት ኢሜይል ከዚያች ቀን የተቆረሰች ናት። በወር አራት ኢሜይል! እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ሰፈር እየኖረ በወር አንዴ “ሃይ” የማይል ቦይ ፍሬንድ ያላት ስንት አለች መሰለሽ?

አሁን የገናውን ቀን ራሱን እንየው። መቼም ፊሊፒንስ ለሚስዮናዊ ልጅ በገና ሰሞን የሚያስከፋ አገር አይደለም። እዚያ አገር ገና የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው። ቀልድ አይደለም! ከሴፕቴምበር ጀምሮ በየሱቁ የገና ዘፈን ይለቀቃል፣ በየበሩ ፓሮል የሚሉት የኮከብ ቅርጽ ያለው ፋኖስ ይሰቀላል። ሕዝቡ አብዛኛው ካቶሊክ ነው፤ ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ለዘጠኝ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ቅዳሴ ይሄዳል። እኛ በጾምና በማኅሌት እንደምናውቀው ዓይነት፣ በእንቅልፍ የሚከፈል በዓል ነው። በ24 እኩለ ሌሊት ሲሆን ኖቼ ቡዌና የሚሉት ማዕድ ይቀርባል፤ ካም፣ አይብ፣ ጣፋጭ ስፓጌቲ፣ ላለው ደግሞ ሙሉ የተጠበሰ አሳማ።

የአንቺ ልጅ በረዶ ለምዶ ያደገ የዩታ ልጅ ነው። ነጭ ሸሚዝና ክራባት አድርጎ፣ ደረቱ ላይ “ኤልደር” የሚል ጥቁር ባጅ ለጥፎ፣ በላብ ተጠምቆ ይሄዳል። ኤልደር ማለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ በ19 ዓመቱ! ሴቶቹ “ሲስተር” ይባላሉ። በበዓሉ ቀን ሰው ቤት እየሄዱ “ስለ እምነታችን እንንገራችሁ” ማለት ብዙም አያስኬድም፤ ሰው ከዘመዱ ጋር ነው። ስለዚህ ያን ሰሞን ዝማሬ እየዘመሩ ይዞራሉ፣ ሆስፒታልና አረጋውያን ይጠይቃሉ፣ የተቸገረ ሰው ቤት ያጸዳሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ከ2016 ጀምሮ በየዲሴምበሩ በጎ ሥራ የሚያስተዋውቅ ዘመቻ ታካሂዳለች። በ2017 አንቺ ከተማ ውስጥ ያቆሙትን ማሽን አይተሽው ይሆናል፤ ኮካ ኮላ እንደሚሸጠው ዓይነት ነው፤ ካርድሽን አስገብተሽ የምትገዢው ግን ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጥ ፍየል ወይም ዶሮ ነው። ዶሮዋ ከማሽኑ አትወጣም፣ አትስጊ።

በየአካባቢው ያሉትን ሚስዮናውያን የሚያስተዳድር ፕሬዚዳንት አለ። ከባለቤቱ ጋር ነው የሚመደበው። በገና ሰሞን ልጆቹን ሰብስበው ይመግቧቸዋል፣ ያዘምሯቸዋል፣ ያጫውቷቸዋል። ለእነዚያ ሁሉ ልጆች ለጊዜው እናት ሆና የምትቆመው እሷ ናት። ከዚያ ደግሞ የአጥቢያው ምእመናን አሉ። “ኤልደሮቹ የእኛ ቤት ይምጡ” ብለው ይሻማሉ። ችግሩ ጥጋብ ነው! አንዱ ቤት በልተህ ሌላው ቤት እንቢ ማለት ነውር ነው። ይሄን እንኳ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ “በሞቴ” የሚለው ቃል የእነሱም ቋንቋ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚኖር፣ ለልጆቹ እንኳ የሚበቃ የሌለው ሰው ካለው አካፍሎ ሲያጎርሰው፣ ያ የአሜሪካ ልጅ በዕድሜው ሙሉ ያየውን የስጦታ ክምር በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል። ከሚሽን የተመለሱ ሰዎች ስለ ገናቸው ሲያወሩ ከእንባቸው ቀጥሎ የሚያነሱት ያን ማዕድ ነው።

ከቤት የተላከው ካርቶንም አለ። እናት በኖቬምበር ትልከዋለች፤ ቶሎ ካልተላከ አይደርስም። በላዩ ላይ “እስከ ገና አይከፈትም” ተብሎ ይጻፍበታል። ልጁ አልጋው ሥር ከቶ ቀን ይቆጥራል። ጠዋት ሁለቱ ልጆች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይከፍታሉ፤ ካልሲ፣ ክራባት፣ ከረሜላ፣ የታናሽ እህት ሥዕል። አስተዋይ እናት አብሮት ለሚኖረው ልጅም ትልካለች፤ ምክንያቱም ምንም ያልተላከለት ልጅ ይኖራላ።

በዚህ መሀል ነው እንግዲህ አንቺ የምታንኳኪው።

በመጀመሪያ፣ በሩን ታገኚዋለሽ? ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ እዚያ ከ20 በላይ ሚሽኖች አሏት። ልጆቹ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ዝውውር ይነገራቸዋል። ማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣሽን ስትጠብቂ እሱ ሌላ ከተማ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እሺ፣ አገኘሽው እንበል። አንኳኳሽ። በሩን የሚከፍትልሽ ያ የሚያንኮራፋው ልጅ ነው። ከኋላው የአንቺው ይመጣል። ያይሻል። ይደነግጣል። ይደሰታልም፤ አልክድም። ከዚያስ? ማቀፍ አይችልም። እጅሽን ጨብጦሽ ይቆማል። “ግቢ” ሊልሽ አይችልም። “ብቻችንን እንነጋገር” ማለትም አይችልም። ጓደኛና ዘመድ ሚስዮናዊ ሊጠይቅ መሄድ እንደሌለበት ሕጋቸው በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ስልኩን አንስቶ ለፕሬዚዳንቱ መደወል ይኖርበታል፤ ወይም አብሮት ያለው ልጅ ይደውላል።

ሁለት ምርጫ ትሰጪዋለሽ። አንደኛው፣ ቃሉን አፍርሶ ከአንቺ ጋር ምሳ መብላት፤ ይሄ ከባድ ጥፋት ወደመሆን ከሄደ ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል። እነሱ ሰፈር ደግሞ ሳይጨርስ የተመለሰ ልጅ ምን ዓይነት ዓይን እንደሚጠብቀው ዩታ ስላደግሽ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ሁለተኛው፣ ዓለምን ዞረሽ የመጣሽውን ልጅ በገና ቀን በር ላይ መመለስ ነው። የቱንም ቢመርጥ ያ ቀን ዕድሜውን ሙሉ ይቆረቁረዋል። ስጦታ ብለሽ ፈተና ይዘሽለት ትሄጃለሽ ማለት ነው። አንቺም ብትሆኚ መመለሻሽን አስቢው፤ ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ እያለቀስሽ።

አሁን የማልጠየቀውን ልመልስ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤሽን የመረጥኩት። ትኬቱን የቆረጥሽው ለእሱ ገና ነው ወይስ ለራስሽ ጥርጣሬ? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። “ይወደኛል” የሚል አንድም ቦታ የለውም። “ይጽፍልኛል” ይላል፣ “አለቀሰ” ይላል። አንቺ ማኒላ የምትሄጂው ፊቱን አይተሽ መልስ ለማግኘት ይመስለኛል። መልሱ ግን እዚያ የለም። በር ላይ የቆመ የደነገጠ ልጅ ፊት ምንም አይነግርሽም።

ልታውቂው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እነሱ ትልቁን ጋብቻቸውን የሚፈጽሙት በቤተ መቅደሳቸው ውስጥ ነው፤ ለዘለዓለም ነው ብለው ያምናሉ። ለዚያ ደግሞ ሙሽራውም ሙሽራዋም የእምነቱ አባል መሆን፣ ከመሪዎቻቸውም ፈቃድ መያዝ አለባቸው። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ ይህ ነገር ከበፊቱ የበለጠ ከብዶት ነው የሚመለሰው እንጂ ቀሎት አይደለም። አንቺ የእናትሽን እምነት የያዝሽ ይመስለኛል። ይህን ጉዳይ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁበት ታውቃላችሁ? ወይስ “እስከዚያ ማን ያውቃል” ብላችሁ አለፋችሁት? ከማኒላው ትኬት ይልቅ የሚያስጨንቅሽ ይሄኛው ይሁን። መጨረሻ የሌለው ፍቅር ነው አላልኩም፤ እምነታቸው ለየቅል ሆኖ ተጋብተው የሚኖሩ አሉ። ግን የሚኖሩት አስቀድመው የተነጋገሩት ናቸው።

ጠብቂው ወይም አትጠብቂው አልልሽም። እነሱ ዘንድ “ዲር ጆን” የሚሉት ነገር አለ። ስሙ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ወታደሮች “ሌላ ሰው አግኝቻለሁ” የሚል ደብዳቤ ከፍቅረኞቻቸው ይደርሳቸው ነበር። ዛሬ ለሚስዮናውያንም ይደርሳቸዋል። ብዙ ይደርሳል! ልጆቹም ይሳሳቃሉ፤ አንዱ ሲደርሰው ሌሎቹ ምሳ ይጋብዙታል። ሁለት ዓመት ጠብቀው የተጋቡም አሉ። አንቺ 20 ዓመትሽ ነው። ትምህርትሽን ተማሪ፣ ጓደኞችሽን አግኚ፣ ሕይወትሽን እንደ ሻንጣ በር ላይ አታስቀምጪው። ሲመለስ ሁለታችሁም ሌላ ሰው ሆናችሁ ትገናኛላችሁ፤ ያኔ የሚሆነውን ያኔ ታዪዋለሽ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ “ዲር ጆን” ብትጽፊ እንኳ በዲሴምበር አትጻፊው። እስከ ፌብሩዋሪ ብትታገሺ ምንም አትሆኚም።

እና ምን ላድርግ ትዪኛለሽ። ልንገርሽ። ወደ እናቱ ሂጂ። አዎ፣ ወደዚያች ፊቱን ወደምታየው። እሷም እንደ አንቺው ናፍቃለች፤ ያውም 19 ዓመት ያሳደገችው ነው። ከማኒላ እስከ ሶልት ሌክ በክረምት 15 ሰዓት ልዩነት አለ። እሱ የገና ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢደውል እናንተ ጋ ገና የዋዜማው ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እነሱ ቤት መገኘት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያት። ግን ተደብቀሽ ስክሪኑ ላይ ብቅ እንዳትዪ! አስቀድመሽ ለእሱ በኢሜይል ጻፊለት፤ እሱ ፕሬዚዳንቱን ይጠይቅ። ከተፈቀደ ከቤተሰቡ ጋር ሆነሽ “መልካም ገና” ትዪዋለሽ። ካልተፈቀደም ኩኪስ በልተሽ፣ ታናሾቹን አጫውተሽ ትመለሻለሽ። እሱ ከእናቱ አፍ “መጥታ ነበር” የሚለውን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለአንቺ አልነግርሽም።

ከሁሉ የበለጠው ዕድልሽ ግን በእጅሽ ያለው ነው፤ አንቺ ሁለት ገና አለሽ። በፈረንጆቹ 25፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ገደማ፣ እናትሽ ገና ጾም ላይ ናቸው። የእኛው ታኅሣሥ 29 ነው፣ በእነሱ ጃንዋሪ 7። ሚስዮናዊ ልጅ የሚከፋው በገና ዕለት ብቻ እንዳይመስልሽ። በዕለቱ ግርግር አለ፣ ምግብ አለ፣ ስልክ አለ። የሚከፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካርቶኑ ባዶ ሲሆን፣ ፋኖሱ ሲወርድ፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል፣ “ገና 20 ወር ይቀረኛል” ብሎ ሲያሰላ። የዚያን ጊዜ የሚደርስ ኢሜይል ጻፊለት። “ዛሬ የእኛ ገና ነው” በዪው። እናትሽ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚያድሩ፣ ዶሮው እንዴት እንደሚሠራ፣ አባትሽ ምን ብለው እንዳሳቋችሁ ጻፊለት። ናፍቆትሽን በሁለት መስመር ጨርሺው፣ ሌላው ወሬ ይሁን። ከቤት የራቀ ሰው የሚጠማው ወሬ ነው።

የትኬቱን ነገር ዛሬውኑ የቆረጥሽበት ቦታ ደውለሽ ጠይቂ፤ ገንዘብ የማይመልስ ትኬት እንኳ አንዳንዱ ተቀናሽ ተደርጎበት ለሌላ ጉዞ ይዛወራል። ለእሱ አሁን አትንገሪው። ሚያዝያ ላይ ትነግሪዋለሽ፤ ስቆ ያነበዋል። ካርቶን ልትልኪለት ካሰብሽም ነገ ዛሬ አትበዪ፣ አሁንም ዘግይተሻል። ዳቦ ቆሎ ላኪለት፣ አብሮት ለሚኖረው ልጅም ጨምሪ። ቡና ብቻ እንዳትከቺበት፤ ቡናና ሻይ ከአልኮልና ከትንባሆ ጋር የተከለከሏቸው ነገሮች ናቸው። እናትሽ ይህን ጊዜ “አላልኩሽም!” ሳይሉ አይቀሩም።

ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ሳምንት “የእጮኛዬ ጓደኛ ገንዘቤን ተበድሮ ጠፋ” ያለንን የመርካቶ ወጣት ይዘን እንመለሳለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።